የተተኪ ደም እድር

በበግህ ሰውነት ውስጥ የሚዞረው የማን ደም ነው? አዎ፣ አንተን ነው የምጠይቀው። በረንዳህ ላይ ስላለው፣ ዛሬ ጠዋት ድርቆሽ ስለሰጠኸው በግ ነው የምጠይቅህ። «የራሱ ነዋ» ካልከኝ አስበህበት አታውቅም ማለት ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ» ካልከኝ ደግሞ እያወቅህ ዝም ብለሃል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ለመወሰን አሁን ትዕግሥቱ የለኝም፤ እህቴን ከቀበርኩ ገና ጥቂት ቀን ነው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ዳርቻ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሕግ በማስተማርና በየጋዜጣው ከሰው ጋር በመከራከር ነው። ጎረቤቶቼ ፊት ለፊት ጋሽ ኪሩቤል ይሉኛል፤ ከኋላዬ ሌላ ነገር ይሉኛል። ዳኛ የሚባል ሙክት አለኝ። ይህን ስም ያወጣሁለት የምለውን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰምቶ ፍርዱን ለራሱ ስለሚያስቀር ነው። እንዲህ ዓይነት ዳኞች አጋጥመውኛል።

በሕንጻችን በግ የሌለው ቤት የለም። በግ ያለው ቤት ማሞቂያ አለው፤ በግ የሌለው ቤት ማሞቂያ የለውም። የዚህን ከተማ ብርድ የቀመሰ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። በጉም ማሞቂያውም የልኬት ቤት ንብረት ናቸው። ልኬት ቤት፣ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ደም ውስጥ ገብቶ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው መሥሪያ ቤት ነው። ድሮ ድሮ ይህ ሥራ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ይከናወን ነበር ይባላል። አሁን ግቢው እኛ ነን።

ጠዋት ሕንጻው የሚነቃው በበግ ነው። በየበጉ አንገት ላይ ያለው አንገትጌ ደም ሊቀዳ ሲል መጀመሪያ ትንሽ ይነዝራል። በጎቹ ያውቁታል። ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ተቀባብለው ይጮኻሉ፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊቱን ይታጠባል፣ ሻይ ይጥዳል። አንገትጌው ይቀዳል፣ ይለካል፣ ውጤቱን ይልካል። መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ካለ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ካለቀ ይጠፋል። ከዚያ የእኛ ተራ ይሆናል። የተቀዳውን የሚተካ የደም ከረጢት እናመጣና ከልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንጠልጥለን ቱቦውን ከአንገትጌው ጋር እናገናኛለን። ከካልሲና ከአንሶላ መሐል ቀይ ከረጢት በየፎቁ ተሰቅሎ ሲያይ እንግዳ ይደነግጣል። ለእኛ የጠዋት መልክ ነው።

አንገትጌው ሌላም ሥራ አለው። የእድራችን ጡሩንባ እሱው ነው። ሰው ሲሞት የሟቹ ስም በየበረንዳው፣ ከየበጉ ጉሮሮ ሥር፣ ባንድ ድምፅ ይነገራል። በጎቹ መጀመሪያ ሰሞን ይደነብሩ ነበር። አሁን ስም ሲጠራም ማመንዠካቸውን አያቆሙም።

እህቴ ሶልያና ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ታናሼ ናት፤ ሁለታችንም ግን ታናሽና ታላቅ ከማይለይበት ዕድሜ ደርሰን ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረባት። ጠዋትና ማታ ክኒን እየዋጠች፣ አስተምራ፣ አግብታ፣ ባሏን ቀብራ፣ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ሳትወድቅ ጡረታ ወጣች። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጠው መጣ። እሑድ እሑድ ስለሚዋጥ ሰው ሁሉ ሰንበቴ ይለዋል። የየቀኑ ክኒን ወዲያው ከፋርማሲው ጠፋ። ሶልያና አላዘነችም።

«በየቀኑ በሽተኛ ከመሆን በሳምንት አንድ ቀን መሆን ሳይሻል አይቀርም» አለችኝ። «ስድስት ቀን እንደ ሰው እኖራለሁ።»

አራት ቀን ኖረች። ሐሙስ ዕለት ድንች ስትልጥ ወደቀች። በሚቀጥለውም ሳምንት ሐሙስ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሲመጣ ጋዙን ዘግቼ፣ የጠረጴዛውን ማዕዘን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አጠገቧ መቀመጥ ያዝኩ። አንዳንዱ ሐሙስ ያልፋት ነበር። አብዛኛው አያልፋትም።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሐኪም የሚባል ሰው እዚያ ካየን ቆይተናል፤ የሚያነጋግረን ሰው አልባው መስኮት ነው።

«ወይዘሮ ሶልያና» አለ መስኮቱ፣ ለስላሳ በሆነ የሴት ድምፅ፣ «መድኃኒቱ እስከ እሑድ ደምዎ ውስጥ አለ።»

«ደሜን ለካሽው?» አለች ሶልያና።

«መለካት አያስፈልግም። ተለክቷል።»

«የማን?»

«የበጎቹ።»

ሶልያና ሳቀች። ሁልጊዜም በማይሳቅበት ነው የምትስቀው። «ታዲያ እኔ ከየትኛው በግ አንሼ ነው?»

እኔ አልሳቅሁም። ጡጫዬን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩት። ተጨማሪ ክኒን ስጧት፣ ወይም የድሮውን መልሱላት፣ ወይም ደሟን ለኩ አልኩ። ሦስቱንም ጮኼ ነው ያልኩት።

«ተረድተናል» አለኝ መስኮቱ።

ሰንበቴ ለአንድ ሰው በሳምንት ከአንድ በላይ አይሰጥም። ሶልያና ግማሹን ለሐሙስ ላስቀምጥ ብላ ባንዱ እሑድ በቢላ ቆረጠችው። ያን ሳምንት ማክሰኞ ወደቀች።

አሁን ስለ እድሩ ልንገርህ። ታሪኩን በክፉ እንዳልነግርህ እጠነቀቃለሁ፤ ምክንያቱም አጀማመሩ ክፉ አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ፣ ሰንበቴ ወደ ፋርማሲ ከመግባቱ በፊት፣ ተተኪውን ደም የሚልከው ልኬት ቤት ራሱ ነበር። መድኃኒት ቀምሰው ከማያውቁ በጎች የተቀዳ ንጹሕ ደም፣ በቀዝቃዛ ሳጥን፣ በድሮን ሰገነቱ ላይ ይወርድልን ነበር። አንድ ቀን ድሮኑ ሳጥን ሳይሆን መልእክት ይዞ መጣ፤ «ከእንግዲህ ተተኪ ደም በአካባቢው አቅም ይሸፈን።» በቃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አንገትጌው መቅዳቱን ቀጠለ፤ የሚተካ ግን አልነበረም። በጎቹ በየበረንዳው ይንበረከኩ ጀመር። ድዳቸው እንደ ወረቀት ነጣ። የሞተ በግ ያለበት ቤት ማሞቂያው በማግሥቱ ይዘጋል።

የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ ሄራን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከእኔ ሥር ይኖራሉ። በዚያ ሰሞን ከቤት ቤት ዞረው፣ ጠንካራ በግ ያለውን ከደከመ በግ ካለው ጋር አጣመሩ። ዛሬ የአንደኛ ፎቅ በጎች ለአራተኛ ፎቅ ይሰጣሉ፤ ሲያገግሙ ደግሞ በተራቸው ይቀበላሉ። የማንም በግ ባዶ አይቀርም። ለሰው የምናደርገውን ለበግ አደረጉት፤ ለእሳቸው ሌላ ዓይነት መፍትሔ አልታያቸውም። እድሩ በአንድ ወር ውስጥ ሕንጻውን ከብርድ አዳነ። እኔም ሶልያናም ከረጢት እየያዝን ደረጃ ወጥተናል፣ ወርደናል፤ ከማላውቃቸው ጎረቤቶች ጋር የተዋወቅሁት በዚያ ጊዜ ነው። በየበሩ «ግቡ፣ ሻይ ጠጡ» ነበር። እንዲህ ያለ ሰፈር ኖሬ አላውቅም ነበር።

ከዚያ፣ የሶልያና ሐሙሶች ከጀመሩ በኋላ፣ ዳኛ የዕረፍት ወሩ ደረሰ። በዕረፍት ወር በጉ ምንም መድኃኒት አይሰጠውም፤ መድኃኒቱን የሚሰጠውም አንገትጌው ስለሆነ ስሕተት ሊኖር አይችልም። መብራቱ ጠፍቶ መክረም ነበረበት። አንድ ጠዋት ከእትዬ ሄራን በግ የመጣውን ከረጢት ሰቅዬ፣ ደሙ አልቆ፣ ከረጢቱን ሳወርድ፣ የዳኛ አንገት ላይ አረንጓዴ በራ።

ቆሜ ቀረሁ። ሶልያና በጋቢ ተጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ምን ሆነሃል? ጅብ ያየህ ትመስላለህ።»

«ያልወሰደው መድኃኒት አለበት።»

«የሄራን በግ ምንድን ነው የሚወስደው?»

«ሰንበቴ።»

እህቴ አስተማሪ ነበረች። ከዚያ በላይ ልነግራት አላስፈለገኝም። ወደ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምድር ቤት ባለው የእድር አዳራሽ ተሰበሰብን። ቆሜ ተናገርኩ። «የውሃ ታንከርህ ስንት ቀን እንደሚያደርስህ ማወቅ ፈለግህ እንበል» አልኩ። «በየቀኑ ትለካለህ። አንተ ከላይ ስትለካ ጎረቤትህ ከታች ውሃ ቢጨምርልህ ምን ትላለህ?»

«እግዜር ይስጥልኝ ነዋ!» አለ ማክቤል። አንደኛ ፎቅ የሚኖር የድሮ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ያለ እሱ ቀልድ ስብሰባ ተካሂዶ አያውቅም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ሳቁ!» አልኩ። «ሳቁ! ከአንዱ በግ ከደሙ ጋር የወጣውን መድኃኒት ከሌላው በግ እየመለሳችሁ ታስገባላችሁ። ልኬት ቤት ደግሞ መድኃኒቱ ሳምንት ይቆያል ብሎ ይጽፋል። እህቴ ሐሙስ ሐሙስ የምትወድቀው ስለዚህ ነው!»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ሄራን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኪሩቤል፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሶልያና ለኔም እህቴ ናት። ግን ደም እየፈሰሰ አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይህ ነው። በጎቹ በየበረንዳው ሲንበረከኩ አንተ ምን አደረግህ?»

«ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ።»

«ጻፍክ። እኔ ደም አመጣሁ።»

አጨበጨቡላቸው። እውነት ለመናገር ጥሩ መልስ ነበር፤ ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ ሙሉ ማርክ እሰጣቸው ነበር። ግን መልሱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ የበጎቹ ደም ንጹሕ አይሆንም።

«ንጹሕ ደም እንዲልኩ እንጠይቃቸው» አልኩ።

«ጠይቀን ነበር። ተረድተናል አሉን።»

«እንግዲያው የኔን በግ ከጨዋታው አውጡት። አይሰጥም፣ አይቀበልም።»

ማክቤል አልቀለደም። «ኪሩ፣ እንዲህ አትበል እንጂ» አለኝ በቀስታ። «ሲቸግረው ያልሰጠ ሰው ይኖራል። ሲሰጡት አልቀበልም ያለ ግን በዚህ እድር አይቼ አላውቅም። ሰው ምን ይልሃል?»

ሰው ያለውን አለ። ደረጃው ላይ ሰላምታ አጠረ። የሊፍቱ በር ሳልደርስ ይዘጋ ጀመር። ለሶልያና የሚመጣው የፆም ሾርባ ቆመ። ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ አልነበሩም፤ ማሞቂያቸውን ፈርተው ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ይህን ልዩነት ለመስማት ፈቃደኛ አልነበርኩም፣ ዛሬም ብዙ አይደለሁም።

የዳኛ የዕረፍት ወር አለቀና አንገትጌው ሰንበቴ ሰጠው። እሑድ ጠዋት አረንጓዴው በራ። በተቀዳበት ፋንታ ምንም ተተኪ ደም አልሰጠሁትም፤ ጨው ውሃ፣ ስንዴና ብዙ ወሬ ብቻ ሰጠሁት። ሶልያናም በዚያው ሰዓት የራሷን ዋጠች። ሁለቱ ባንድ ቀን ጀመሩ። ሰኞ አረንጓዴ። ማክሰኞ አረንጓዴ። ረቡዕ አረንጓዴው ፈዘዘ፤ ዳኛም እግሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሐሙስ ጠዋት በጎቹ ተቀባብለው ጮኹ፣ ዝም አሉ፣ የዳኛ መብራት ጠፋ።

ከበረንዳው አንገቴን አውጥቼ ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ። በጭጋጉ ውስጥ ሕንጻው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሕንጻም አረንጓዴ ነው። የእኔ በረንዳ ብቻ ጨለማ ነው።

ሶልያና ከኋላዬ መጥታ እጇን የዳኛ ጀርባ ላይ አሳረፈች። «ፈረደ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆኖ፣ «እኔም አሁን ጠፍቻለሁ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ ለመስኮቱም አቅርቤዋለሁ። ተረድቷል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልኬት ቤት ሕንጻችንን ሊሸልም መጣ። ግቢው ውስጥ ወንበር ተደረደረ፣ ድንኳን ተተከለ፤ የለቅሶው ድንኳን ነው፣ እድሩ ሌላ የለውም። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው ደብሪቱ የምትባል ወጣት ናት። ዘንድሮ ወጣቶቹ ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰዋል፤ ማክቤልና ሶልያና የሚባል አሁን ሽማግሌ ብቻ ነው። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሰው ታከብራለች። ዋንጫውን ለእትዬ ሄራን በሁለት እጇ አቀረበች።

«ሰንበቴ በበጎች ደም ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየው በእናንተ ሕንጻ ነው» አለች። «ቁጥራችሁ በጣም ቆንጆ ነው። በመላ አገሪቱ ሌሎች ሕንጻዎችም የእናንተን እድር አርአያ አድርገው እየተደራጁ ነው።»

እልልታ ቀለጠ። እኔ ዳኛን በሊፍት አውርጄ፣ አንዳንዴ እየደገፍኩ አንዳንዴ እየተሸከምኩ፣ ድንኳኑ መሐል ገባሁ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «ተተኪው ደም ከየት እንደሚመጣ መሥሪያ ቤታችሁ ያውቃል?»

«እንዴታ! እናውቃለን። እድሩን እናደንቃለን።»

«ያ ደም መድኃኒት እንዳለበትስ ታውቃላችሁ?»

 ጥያቄውን ከዚህ በፊት አስባው እንደምታውቅ ከፊቷ አየሁ። ከዚያ በትሕትና፣ በቃሏ የያዘችውን መለሰችልኝ። «የሚጠየቀው መተካቱ ነው፣ አባባ። ይዘቱ አይጠየቅም።»

«ማን ነው እንዲህ ብሎ የወሰነ?»

«ቁጥሩን የሚያጸድቁት ዋና ኃላፊው ናቸው። ዶክተር ዮናኤል።»

«ይህ በግ ከማንም ደም አልተቀበለም። ሐሙስ ጠፍቷል። እህቴ ሐሙስ ትወድቃለች። ይህንን ለዶክተር ዮናኤል ውሰጂለት! ዋንጫችሁንም ውሰጂ! ይህ ዋንጫ—»

ከዚህ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጮኼአለሁ። ዋንጫውን ከእትዬ ሄራን እጅ ነጥቄ መሬት ላይ ጥያለሁ። ልጅቷ አለቀሰች፤ እናቶች አቀፏት። በዚያው ከሰዓት እድሩ ተሰብስቦ አሰናበተኝ። ውሳኔውን የነገረኝ የዳኛ አንገትጌ ነው፤ በሁሉም በረንዳ ላይ፣ ባንድ ድምፅ፣ የሟቾች ስም በሚጠራበት ድምፅ ስሜን ጠራ።

ሶልያና ተቆጣችኝ። «ለእውነት ብለህ ሳይሆን ለመጮህ ብለህ ነው የምትጮኸው» አለችኝ። «እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ደሜን እንዲለካልኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከእድሩ ከተሰናበትኩ በሦስተኛው ሐሙስ ሞተች። ጋዙ ተዘግቶ ነበር። የጠረጴዛው ማዕዘን ተጠቅልሎ ነበር። እኔም አጠገቧ ነበርኩ። መንቀጥቀጡ ሲጀምራት በጎኗ አስተኛኋት፤ ያልፋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁልጊዜ ያልፍ ነበር። አላለፈም። ስሟን እየጠራሁ ቆየሁ። ውጭ እኩለ ቀን ነበር፤ ታች ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

ከዚያ ወደ በረንዳ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ እነግርሃለሁ፤ ስሟ ሲጠራ ልሰማ ነበር። ከእድር የተባረረ ሰው ቤት ሲሞት ስም እንደማይጠራ አውቃለሁ፤ ደንቡን ከእትዬ ሄራን ጋር ተቀምጬ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ቢሆንም ወጣሁ። በጎቹ ያመነዥካሉ። አንገትጌዎቹ ዝም ብለዋል። በሥርዓት ቢሆን ኖሮ በዚያች ደቂቃ በየበሩ ነጠላ ይዘቀዘቅ፣ ደረጃው በእግር ድምፅ ይሞላ፣ ማክቤል የድንኳኑን ብረት ተሸክሞ እየተራገመ ከምድር ቤት ይወጣ ነበር። አንድ መስኮት ተከፈተ፤ ምንጣፍ ተራገፈ፤ ተዘጋ።

የማዘጋጃ ቤቱን መኪና ጠራሁ። መቃብሩ ላይ አንድ ቄስ፣ ሁለት ቆፋሪዎችና እኔ ነበርን። ቆፋሪዎቹ የሬሳ ሳጥኑን ለማውረድ ሰው ሲያጥራቸው ገመዱን አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። ቀና ስል ማክቤልን ከአጥሩ ውጭ አየሁት። ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አልገባም። ደንቡ አይፈቅድለትም። አልጠራሁትም። ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ግን እዚያው ነበር።

በሠልስቱ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ሄራን ናቸው፤ ሞቅ ያለ የደም ከረጢት በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ለአንተ አይደለም ያመጣሁት» አሉ። «ለበጉ ነው። ከቤቴ ሲንገዳገድ እሰማዋለሁ። ጣሪያዬ ላይ ነው የሚወድቀው።»

«አልቀበልም።»

«ይሞትብሃል።»

«ይሙት። ንጹሕ ሆኖ ይሙት።»

«ለበጉም አታዝን!» አሉ። ሳይጠየቁ ገብተው የሶልያና ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ የማን ወንበር እንደሆነ ትዝ ሲላቸው ተነሥተው ቆሙ። «ስማ፣ ኪሩቤል። ደም መስጠቱን ባስቆም በጎቹ ያልቃሉ። በጎቹ ካለቁ ማሞቂያው ይሄዳል። ይህን ክረምት ከዚህ ሕንጻ ስንት ሽማግሌ የሚያልፈው ይመስልሃል? አንተ አንድ ሰው ቀበርክ። እኔ ደግሞ ስንት ነው የምቀብረው?»

ዓይኔን ወደ ዳኛ መለስኩ። 

ከረጢቱን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ልጄ ሰንበቴ ትወስዳለች» አሉ። «ሞላሌ ከተማ ታስተምራለች። እንደ ሶልያና አትወድቅም። ግን ሐሙስ ሲሆን ቃላት ይጠፋባታል አሉኝ። ተማሪዎቿ ፊት ቆማ ዝም ትላለች። ድካም ነው ትላለች።» ዞር አሉ። «ድካም ነው፣ ኪሩቤል?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እትዬ ሄራን።»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ከረጢቱን ሽቦው ላይ ሰቅለው ሄዱ። ቱቦውን ግን አላገናኙትም። ያን ለእኔ ተዉት። ከረጢቱ ፀሐይ እስኪጠልቅ ድረስ ገና ካልተነሣው የሶልያና ሻሽ አጠገብ ሲወዛወዝ ቆየ።

እኔ ሌላ ነገር አደረግሁ። አንገትጌውን በመቀስ ቆርጬ ከዳኛ አንገት ላይ አወለቅሁት። ወዲያው የማሞቂያው ቧንቧ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ መቀዝቀዝ ጀመረ። አሁን በጉ ሳሎን ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል፤ ከእንግዲህ ስለማይቀዳበት ነፍሱ እየተመለሰች ነው። ይህንን የምጽፈው ጋቢ ለብሼ፣ እግሬን ሆዱ ሥር ከትቼ ነው። ከእሱ በቀር የሚተነፍስ በቤቱ የለም። ሶልያና ትወደው ከነበረው መጽሐፍ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ይሰማኛል። ፍርዱን አይነግረኝም።

ስለዚህ የሚፈርድ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ዶክተር ዮናኤል፣ ይህ ለእርስዎ ነው። እድሩን አልከስም። እነሱ የጎደለ አይተው ሞሉ፤ እርስዎ ምን እንደሞሉ አውቀው ቁጥሩን ቆንጆ አሉት። ንጹሑን ደም ማን አስቀረው? ደብሪቱ «ይዘቱ አይጠየቅም» ያለችኝን ዓረፍተ ነገር ማን አስጠናት? እነዚህን ጥያቄዎች ሌላ ቀን ይመልሱልኛል። ዛሬ የምጠይቅዎ አንድ ነው፤ የእኔም ብቻ አይደለም፣ የእትዬ ሄራንም ነው፣ ሞላሌ ሰሌዳ ፊት ቆማ ቃል የጠፋባት አስተማሪም ጥያቄ ነው፣ ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ የቆመው አንባቢም ጥያቄ ነው። ሶልያና በወደቀችበት ሐሙስ መድኃኒቱ ደሟ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም?

በመስኮት እንዳይመልሱልኝ። «ተረድተናል» መልስ አይደለም። ግቢያችን ውስጥ፣ ለእህቴ ድንኳን ሊተከልበት በሚገባው ቦታ ላይ፣ ሁለት ወንበር አውጥቻለሁ፤ አንዱ የእርስዎ ነው፣ በሌላው ላይ ማንም አይቀመጥም። እኔ ዳኛን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። ሐሙስ ጠዋት፣ በጎቹ ጮኸው ዝም ሲሉ፣ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ከረጢት ሊሰቅል ሲወጣ፣ ይምጡ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በራስዎ አፍ፣ ነበረ ወይም አልነበረም ብለው ይመልሱ።